ግንዛቤ የጎደለው ማን ነው? (ወባና እኛ፤ የረጅም ትውውቅ አጭር ታሪክ)

ከመካከላችን አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጳጉሜን ዘመድ ጥየቃ ወደ ደምቢያ ወርዶ ነበር። አክስቱ ቤት ሲደርስ አክስት እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። እበትና ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ እየዛቁ የቤታቸውን ግድግዳ ከውስጥ ይለቀልቃሉ። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ የርጭት ሠራተኞች መጥተው ያንኑ ግድግዳ የፀረ ወባ ኬሚካል ረጭተውት ሄደዋል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ መድኃኒት የተረጨበት ግድግዳ ነው። እንዳይነካ ተብሎ የለም እንዴ?»

«ተብሏል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዘመን ሊለወጥ ነው ልጄ። መስቀልም እየመጣ ነው። እንግዳ ሲገባ ቤቴ ቋቁቻ የወጣበት መስሎ ይጠብቀኝ?»

ወንድማችን የተማረ ነውና ትምህርቱን ሊያካፍል ፈለገ። «ለመሆኑ ወባ በምን እንደሚተላለፍ ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀ። አክስት ከት ብለው ሳቁ። «በቢንቢ ነዋ! ስንት ስብሰባ ተቀምጬበታለሁ!»

ይህን ሲያጫውተን እኛም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። ሴትዮዋ ያውቃሉ። አውቀውም ይለቀልቃሉ። እንግዲህ ይህን ምን እንበለው? «ግንዛቤ ማጣት» ነው?

ስለ ወባ በአገራችን የተጻፉ ጥናቶችን ያገላበጠ ሰው «የኅብረተሰቡ ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር» የሚል ሐረግ በየገጹ ያገኛል። ጠያቂው መጠይቁን ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል። ወባ በምን ይተላለፋል? አጎበር አላችሁ? ትናንት ማታ ከሥሩ ማን ተኛ? መልሱ ይደመርና መጨረሻ ላይ የሚጠበቀው ምክር ይመጣል፤ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል»። በመጠይቁ ላይ ጠብ የለንም፤ ጠቃሚ ነው። የሚጎድለው ግን ታሪክ ነው። ይህ ሕዝብ ከወባ ጋር የተዋወቀው መጠይቅ ከመታተሙ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን ትውውቅ ከሥሩ ለመከተል እንሞክራለን። (መዛግብቱ በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለተጻፉ፣ ለይተን ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ንዳድ

አያቶቻችን ለበሽታው ሌላም ስም ነበራቸው፤ ንዳድ። ነደደ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ሰውነትን እንደ እሳት የሚያነድ ማለት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 ምፅዋ ላይ ሲወርድ ከሰማቸው የአገሩ ቃላት አንዱ ይኸው ነበር፤ ሰውን በሦስት ቀን የሚገድል ትኩሳት ብሎ ከነስሙ መዝግቦታል። ትግርኛ ዓሶ ይለዋል፣ ኦሮምኛ ቡሳ፣ ሶማልኛ ዱሞ። ሁሉም ቋንቋ የየራሱን ስም ያወጣለት በሽታ እንግዳ በሽታ አይደለም።

ዕውቀቱ ግን ከስሙ ይልቅ በአኗኗሩ ላይ ይታያል። የደጋው ሰው ቤቱን ከፍታ ላይ ይሠራል። ቆላ ውስጥ እርሻ ያለው ሰው ቀን ወርዶ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ሲመሽ ዳገቱን ወጥቶ ከቤቱ ያድራል። የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ መንገደኛ ገደሉ ሥር ላለማደር ይጣደፋል። ክፉው ወቅትም ይታወቃል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው መድረቅ ሲጀምር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ቆላ መውረድ ያስፈራል። ግድ ሆኖበት እዚያው የሚያድር ሰው ደግሞ ጥንጁት ወይም ወይራ ያጨሳል፣ ኩበት ያነዳል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ከስንቁ አይለይም።

ምክንያቱን ሲጠየቅ መልሱ ሌላ ነበር። አንዱ የረግረጉ ሽታ ነው ይላል፣ ሌላው ብርድ፣ ሌላው የቦታው መንፈስ። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ማብራሪያው ልክ አልነበረም፤ ድርጊቱ ግን ልክ ነበር። ዋናዋ የወባ ትንኛችን የምትናከሰው ሌሊት ነው፤ ሲመሽ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ያመልጣታል። በብርድ አገር ደግሞ የወባው ተውሳክ ትንኟ ሆድ ውስጥ ዕድገቱን መጨረስ ያቅተዋል። አያቶቻችን ይህን ሁሉ በአጉሊ መነጽር አላዩትም። ቆላ ያደረውንና ያላደረውን፣ የሞተውንና የተረፈውን ግን ሲቆጥሩ ኖረዋል።

አያቶቻችንን እንደ ኋላቀር ለመቁጠር የሚቸኩል ካለ የዚያን ዘመን አውሮፓንም አብሮ ይይ። «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ በጣልያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ፈረንሳዊው ላቨራን የወባን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ ያየው በ1880 አልጀሪያ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ሮናልድ ሮስ ተውሳኩን ትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 ሕንድ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ የፓሪስ ሐኪምና የደምቢያ ገበሬ ስለ ወባ መንስኤ ብዙም አይለያዩም ነበር።

ነገሩን ግን አናሳምረው። የዚህ ዕውቀት ዋጋው ከባድ ነበር። ለም የሆነው ቆላ ሳይታረስ ኖረ፤ ደጋው በሰው ተጨናነቀ፤ አፈሩም ታጠበ። ቆላውን አገሬ ብለው የኖሩት ሕዝቦች ደግሞ በሽታውን የተላመዱት በየትውልዱ ሕፃናቶቻቸውን እየቀበሩ ነው። ነጭ ሽንኩርት ማንንም ከክፉ ወባ አላዳነም። የጥንቱ ዕውቀት ከወባ የሚሸሹበት እንጂ ወባን የሚያሸንፉበት አልነበረም። መሸሽ ደግሞ ወባው ባለበት እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ንዳድ ዳገት የወጣበት ዓመት

በ1950 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ወባው ባለበት መቆሙን ተወ። ዝናቡ ከወትሮው በዛ፣ ሙቀቱም ጨመረ። ከሰኔ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በዘለቀው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በአገራችን ታሪክ ከተመዘገቡት የወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ከቁጥሩ በላይ የሚያስደነግጠው ከፍታው ነው። ወረርሽኙ የመታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ አካባቢዎችን ነበር። የጣና ዙሪያ፣ ደምቢያን ጨምሮ፣ ክፉኛ ተመታ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከቆላ ርቄያለሁ፣ ተርፌያለሁ ብሎ የሚኖር ሰው ቤቱ ውስጥ ተኝቶ ነው የተያዘው። ሰውነቱ ወባን አይቶት ስለማያውቅ የመቋቋም አቅም የለውም። ወረርሽኙ ያረፈው ደግሞ በአጨዳ ወቅት ላይ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ሲተኛ የሚያጭድ ጠፋ፤ እህሉ ማሳ ላይ ቀረ። የሺህ ዓመት ዕውቀት በአንድ ክረምት ከዳ።

የወባ ሰዎች

መልሱ የመጣው በትከሻ ላይ በሚታዘል መርጫ ነው። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ደጋፊዎቹ ነበሩ። ሠራተኞቹን የሚያሠለጥነው ማዕከል ከዚያ ቀደም ብሎ ናዝሬት ላይ ተከፍቶ ነበር። ድርጅቱ ባለ ብዙ ሠራተኛ፣ ባለ መኪናና ባለ በቅሎ ሆነ። መንገድ ያልደረሰበት መንደር ደረሰ። ቤቶች ተቆጥረው ቁጥር ተጻፈባቸው፣ ካርታ ተነሣላቸው። ግብር ሰብሳቢ እንኳ በወጉ የማያውቀውን ጎጆ የወባ ሰዎች ያውቁታል። ዲዲቲም በየግድግዳው ተረጨ።

ሕዝቡ እንዴት ተቀበለው? መጀመሪያ ላይ በደስታ። ምክንያቱ ግን የወባ ሰዎች ያሰቡት ብቻ አልነበረም። ዲዲቲ ቁንጫና ትኋንም ይገድል ነበር። የዓመት ዕረፍት ያጣ ገበሬ አንድ ሌሊት ሳይታከክ ሲያድር መድኃኒቱ የታመነው በዚያ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ትኋኖቹ መድኃኒቱን ተላመዱት። ከርጭት በኋላ መሞታቸው ቀርቶ ከየስንጥቁ እየወጡ ሰው ማስጨነቅ ያዙ። ያን ጊዜ «ይሄ ትኋን የሚያበዛ መድኃኒት ቤቴ አይገባም» የሚል በረከተ። ሪፖርቱ ይህን «የኅብረተሰቡ እምቢተኝነት» ይለዋል። ባለቤቱ ግን በዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው።

ልቅለቃውም እንዲሁ ነው። ርጭቱ የሚካሄደው ከዋናው የወባ ወቅት በፊት፣ በክረምቱ ገደማ ነው። ወባው የሚበረታው ከመስከረም በኋላ ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል ደግሞ ልክ መሐል ላይ ይገባሉ። ቤት የሚታደሰው፣ ግድግዳ የሚለቀለቀው ለእነዚህ በዓላት ነው። መድኃኒቱ ሥራ ሊጀምር ሲል በጭቃ ይሸፈናል ማለት ነው። ይህ ነገር በተለያዩ የአገራችን አካባቢዎች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። እመቤቲቱ ወባን የናቀች አይደለችም። የእርሷ ዓመት በበዓል ይቆጠራል፣ የመሥሪያ ቤቱ ዓመት በበጀት። ሁለቱ የቀን መቁጠሪያዎች ግድግዳው ላይ ተጋጩ።

የድርጅቱ ስም ራሱ ታሪክ ነው። ሲጀመር ግሱ «ማጥፋት» ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1969 ወባን ከዓለም በአጭር ጊዜ የማጥፋት ዕቅዱን እንደገና ለማየት ተገደደ። የእኛም መሥሪያ ቤት በ1970ዎቹ «ማጥፋት»ን ትቶ «መቆጣጠር»ን ያዘ። ዛሬ ደግሞ ዕቅዱ እስከ 2030 «ማስወገድ» ይላል። ትንኟ ግሱ ሲለዋወጥ እርሷ እዚያው ናት።

ዕውቀት አለ፣ ምርጫ የለም

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ እንለፍ። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰው አንሥቶ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ አሶሳና ሌሎችም ቦታዎች አሰፈረ። ብዙዎቹ የደጋ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹም ወደው አልሄዱም። በረሃብ የደከመ፣ ወባን የማያውቅ ሰውነት ይዘው አያቶቻቸው አንድ ሌሊት እንኳ እንዳያድሩበት ካስጠነቀቋቸው ምድር ላይ ቤት ሥሩ ተባሉ። ወባ ከቀጠፋቸው በሽታዎች ዋነኛው ሆነ።

እነዚህን ሰዎች በዚያን ጊዜ «ወባን ለመከላከል ምን ታውቃላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ቢኖር ኖሮ መልሳቸው አጭር በሆነ ነበር፤ «ቆላ አለማደር»። ልክ ነው። ግን መልሱን በሥራ ላይ ማዋል አይችሉም። ከእጃቸው የወጣው ዕውቀቱ አይደለም፤ ምርጫው ነው።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ተመልከቱ። ከደጋ ይመጣል። የሚተኛው ማሳው ዳር፣ ግድግዳ በሌለው ዳስ ወይም ሜዳ ላይ ነው። ግድግዳ ከሌለ ምኑ ይረጫል? ምሰሶ ከሌለ አጎበር የት ይታሰራል? ፀሐይ ስትበረታ ሥራው ወደ ሌሊት ይዞራል፤ ሌሊቱ ደግሞ የትንኟ ነው። መጠይቁ ሲመጣ ይህ ልጅ ዘጠኙን ጥያቄ በትክክል ይመልሳል። አሥረኛው ላይ፣ «ትናንት ማታ አጎበር ውስጥ ተኝተዋል?» ሲባል፣ «አልተኛሁም» ይላል። ውጤቱም «ዕውቀት ከፍተኛ፣ ተግባር ዝቅተኛ» ተብሎ ይጻፋል።

እናቶቹ

መንገዱ ሁሉ ግን ጨለማ አይደለም። በ1990ዎቹ ትግራይ ውስጥ የተሠራ አንድ ሥራ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ልባችንን ያሞቀው ነው። እዚያ ጤና ተቋም ሩቅ ነው፣ ልጅ ደግሞ በወባ የሚሞተው በሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከየመንደሩ እናቶች ተመረጡ። ሠለጠኑ። እነርሱ ደግሞ ጎረቤቶቻቸውን አስተማሩ፦ የወባ ምልክቱ ይህ ነው፣ መድኃኒቱ ለዚህ ዕድሜ ይህን ያህል ነው፣ ልጁ እንዲህ ከሆነ አትጠብቂ፣ ወደ ጤና ተቋም ሩጪ። ክኒኑም እጃቸው ላይ ተሰጠ። (በነገራችን ላይ «ክኒን» የሚለው ቃላችን ራሱ ኪኒን ከተባለው የጥንቱ የወባ መድኃኒት የመጣ ነው። ወባ አፋችን ውስጥ ይህን ያህል ገብቷል።)

ውጤቱ በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። እናቶቹ የሠሩባቸው ቀበሌዎች ካልሠሩባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ይታያችሁ። እናቲቱን «ግንዛቤ የላትም» ብሎ ስብሰባ ላይ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው። ዕውቀቱንና መድኃኒቱን አንድ ላይ እጇ ላይ ማኖር ሌላ ነገር ነው።

የእሸቱ ነገር

በብዙ የገጠር አካባቢ ወባ በምን ይመጣል ተብሎ ሲጠየቅ «እሸት በቆሎ በመብላት»፣ «ጥንቅሽ በመምጠጥ» የሚል ሰው ይገኛል። በየጥናቱ ይህ መልስ «የተሳሳተ ግንዛቤ» ተብሎ ተመዝግቧል። ስሕተትነቱ እውነት ነው፤ በቆሎ በልቶ ወባ የያዘው ሰው የለም። ግን ሰዉ ይህን ከየት አመጣው? እሸት የሚደርሰውና ወባ የሚነሣው በአንድ ወቅት ነው። ያየውን ነው ያገናኘው።

በ1998 ምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካንና አብረውት የሠሩ የጤና ተመራማሪዎች ነገሩን ሲመረምሩ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች ወባው ብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ አገኙት። ምክንያቱ የበቆሎ አበባ ዱቄት ነው። ነፋስ አንሥቶ ኩሬ ላይ ሲያራግፈው የትንኟ ዕጭ ይመገበዋል፤ ጠግቦም በብዛትና በጥንካሬ ያድጋል። በዚያ ዘመን የተስፋፋው ምርጥ ዘር በቆሎ ደግሞ ዘግይቶ የሚያብብ በመሆኑ ዱቄቱ የሚረግፈው ልክ ትንኟ በምትራባበት ወቅት ነበር። እርሻውም ከቤት ደጃፍ ጀምሮ ነው። ማንም ገበሬ በቆሎ በመብላቱ አልታመመም። «በቆሎና ወባ አንድ ነገር ያገናኛቸዋል» ያለው ግን ፍጹም አልሳተም ነበር። «የተሳሳተ ግንዛቤ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ «ምን አይታችሁ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን አዲስ ነገር ሊያሳይ ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ምሳሌም አለ። በትግራይ ለመስኖ የተሠሩ አነስተኛ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ በ1999 የታተመ ጥናት አሳየ። ከአጥኚዎቹ አንዱ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴድሮስ አድኃኖም ነበሩ። ግድቡም ምርጥ ዘሩም ለመልካም የመጡ ናቸው፤ ረሃብን ለመከላከል። ነገር ግን ገበሬውን «ውሃ አታቁር፣ ኩሬ አዳፍን» እያሉ የሚያስተምሩት ባለሙያዎች ሌላው መሥሪያ ቤት ትልቁን ኩሬ ሲቆፍር አብረው ተቀምጠው አልመከሩም። ታዲያ ግንዛቤው የጎደለው ማን ዘንድ ነው?

የአጎበር ዘመን

በ2003 እንደገና ከባድ ወረርሽኝ መጣ። 211 ወረዳዎችን ያዳረሰ ሲሆን 2 ሚሊዮን ያህል ሕሙማንና 3,000 ያህል ሞት ተመዝግቧል። ክሎሮኪን ከዚያ በፊት አቅም አንሶት በፋንሲዳር ተተክቶ ነበር፤ ፋንሲዳርም ከዳ። በ2004 ኮአርተም ገባ። ቀጥሎ አገሪቱ አይታ የማታውቀው የአጎበር ዘመቻ ተጀመረ። እስከ 2007 ድረስ 20 ሚሊዮን ያህል አጎበር ታደለ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶችን በየቀበሌው አሰማራ። ሁለት ሁለት ሆነው ጤና ኬላ ተቀመጡ፤ ቤት ለቤትም ዞሩ። የወባ ሞት በብዙ ቦታ ወረደ። በዚህ ልንኮራ ይገባናል፤ የሠሩትም ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ግን አጎበር ያረጃል። በ2007 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በወባማ አካባቢዎች ከመቶ ቤት 66 ያህሉ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ነበረው። በ2011 ወደ 55 ገደማ ወረደ። ሰው አጎበሩን ጠልቶ አይደለም፤ በጢስ፣ በአይጥ፣ በመደብ እንጨት ተቀድዶ ነው። ምትኩ በጊዜው አይመጣም። ያረጀውን ለገለባ መሸከሚያ፣ ለፍየል ማሰሪያ፣ ለእህል ማስጫ የሚያውለው ሰው ፎቶግራፍ ይነሣና «አጎበሩን ላልታለመለት ዓላማ ያዋለ» ተብሎ ይወጣል። እናታችን ያረጀ ነጠላዋን ለወጥ ቤት ስታውለው ማን ፎቶ አነሣት? ያገለገለ ዕቃ አለመጣል የቤታችን ሁሉ ልማድ ነው። አዲሱን አጎበር ገለባ የሚሸከምበት ካለ ይመከር። አሮጌውን ለሚጠቀም ግን አዲስ ይሰጠው።

አሁን ተራው የእኛ ነው

ከዚህ ሁሉ በኋላ የት ደረስን? በ2019 በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ ሕሙም ቁጥር 900,000 ያህል ነበር። በ2023 4.1 ሚሊዮን ሆነ። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ጦርነት ጤና ኬላዎችን ዘጋ፣ ባለሙያዎችን አፈናቀለ፣ መድኃኒትና አጎበር የሚያደርስ መኪና አስቆመ። ምዕራብ ኦሮሚያ ክፉኛ ተጎዳ። ይህ ሁሉ የሆነው ሕዝቡ ከሰባት ሚሊዮን ሕሙማን በፊት ያወቀውን በድንገት ስለረሳ አይደለም።

ከዚህም ሌላ አዲስ እንግዳ አለ። በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ተገኘች፤ ስሟ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ይባላል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተመራማሪዎች አገናኝተዋታል። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። የምትወደው ከተማ ነው፤ ክዳን የሌለው በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ከተማ ውሃ የማያጠራቅም ቤት የለም። «ወባ የቆላ ገበሬ በሽታ ነው» ብሎ የኖረ የከተማ ሰው፣ በ1950 ዓ.ም. «ወባ ዳገት አይወጣም» ብሎ እንደተኛው ደገኛ ማለት ነው። ያኔ ዕውቀቱ ያረጀበት ገበሬው ነበር። አሁን ደግሞ ያረጀ ዕውቀት የያዝነው እኛው፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠን የምንጽፈውና የምታነቡት፣ ሳንሆን አንቀርም። እስቲ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ጓሮ ያለውን በርሜል ክዳን እዩት።

እንግዲህ ወደ ደምቢያዋ አክስት እንመለስ። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ወንድማችን ስልክ ደውሎላቸው ነበር። ከሰላምታው በኋላ ያንን የግድግዳ ነገር አነሣባቸው። «ለመሆኑ የርጭት ሰዎቹ ቤት መቼ እንደሚለቀለቅ ጠይቀዎት ያውቃሉ?» አላቸው።

«ማን ይጠይቀኛል ልጄ? ቤቱን ልቀቁ፣ ዕቃ አውጡ፣ ይላሉ። ረጭተው ይሄዳሉ። የሚመጡበትን ቀን ቀደም ብለው ቢነግሩኝማ፣ ዝናቡ ሳይገባ በግንቦት ለቅልቄ በጠበቅኋቸው ነበር።»

ስድሳ ዓመት ግድግዳ ላይ ሲገፋፉ ለኖሩ ሁለት ወገኖች ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትልቅ ጅምር ትመስለናለች። የምትሰማው ግን የጠየቀ እንደሆነ ብቻ ነው።

ቸር እንሰንብት።